የቅዳሜዋ ሮማን

ማርታ ያቆብ ሞተች። የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት። ስልኳን እያየች በሩ ላይ ቆመችና፣ «እማማ፣ ያቺ ጓደኛሽ... ድሮ ሬዲዮ ላይ የነበረችው...» ብላ ዝም አለች። ከአፌ የወጣው፣ «እንዴ! ወሬዋን ሳትጨርስ?» የሚል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መርዶ ሲረዱ እንዲህ አይባልም። ማርታን የሚያውቅ ሰው ግን ይፈርድልኛል። በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ስለ አንዲት የጳውሎስ ሆስፒታል ነርስ ጀምራልኝ ነበር፤ ነርሷ ምን እንዳደረገች ሳንደርስ መሸ። «በቃ ሌላ ቀን ነይ፣ ዋናው ገና ነው» አለችኝ። ይኸው ነርሷ ምን እንዳደረገች ሳላውቅ ልሞት ነው።

ቀብሯ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ፎቶዋን አቁመውታል። ዘመድ አለ፣ የሰፈር ሰው አለ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ተሰልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ሽማግሌዎች መጥተዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ተራ በተራ ወደ ፎቶው ይጠጋሉ፤ አይተው ግራ ይጋባሉ።

«ይቺ ናት እንዴ?» አለ አንዱ። «እኔ ረጅም ትመስለኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ቀይ» አለ ሌላው።

«ምን ቀይ! ድምጿ ጠይም አልነበረም እንዴ?»

«ሰውዬ፣ ድምፅ ደግሞ ጠይም ይሆናል?»

«የሷ ነበር!»

ፓስተሩ ጸሎቱን አቋርጠው «ወንድሞች፣ እባካችሁ» እስኪሉ ድረስ ተከራከሩ። በኋላ አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ ዘመድ ነዎት?» አለኝ። ጎረቤት ነኝ አልኩት። «እንግዲያው እውነቱን ይንገሩኝ። ፎቶ ተሳስተው ነው ያመጡት፣ አይደል?»

አልተሳሳቱም። አጭር፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ዓይኗ የሚስቅ፣ ራሷ ማርታ ናት። ሰዎቹ ግን የሚያውቋት ሮማን ብለው ነው። በሬዲዮ ስሟ ሮማን ነበር። ለምን ሮማን እንደተባለች እነግራችኋለሁ፤ ነገሬም እሱ ነው።

ዛሬ ሬዲዮ ሲከፈት ግማሹ የሴት ልጅ ሳቅ ነው። እሰየው፣ ይሳቁ። ታክሲ ውስጥ ስሰማቸው ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ የሚሉት ባይገባኝም ከሾፌሩ ጋር አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን፣ በጃንሆይ መጨረሻ፣ ሴት ብትሰማ ዜና ስታነብ ነው፤ እሱም በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ተቆጣች አስተማሪ። ዘፈን መርጣ፣ ሸክላውን በገዛ እጇ አስቀምጣ፣ በመካከሉ ከሰው ጋር እየቀለደች የምታወራ ሴት አልነበረችም። ማርታም ብትሆን ለዚያ አልተቀጠረችም። ታይፒስት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ዘፈን የሚያቀርበው ሰውዬ ጉንፋን ድምፁን ዘጋውና፣ አለቃው በየቢሮው እየዞረ «መናገር የሚችል ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀ። ማርታን መናገር ትችያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ዓሣን መዋኘት ትችያለሽ ወይ እንደማለት ነው። ሰውዬው ጉንፋኑ ሲለቀው ወንበሩን አላገኘውም።

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ፣ ማርታና አባቷ ከአጥሩ ወዲያ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው። በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጣት «እትዬ ዘውዴ» ትለኛለች። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። የሬዲዮን ነገር ሁሉ የሰማሁት ከሷ አፍ፣ በዚያች ቀዳዳ ነው።

«እትዬ ዘውዴ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ዝም ማለት።»

«እሱስ ከድሮም ያስፈራሻል።»

«አይ፣ ስሚኝ። ሸክላ እስክቀይር ትንሽ ዝም ካልኩ ሰዉ ምን ያደርጋል? ሬዲዮኑ ተበላሸ ብሎ ይመታዋል። አንቺ አትመቺውም?»

እመታዋለሁ። ማን የማይመታ አለ?

«አየሽ! ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር በመላ ኢትዮጵያ በጥፊ እመታለሁ!»

ስለዚህ ትንፋሽ መውሰድ ተወች። በአንድ እጇ ሸክላውን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ በሌላው መርፌውን እያነሳች፣ አፏ አያርፍም። ካልተሳሳትኩ ያን ጊዜ ነው ጣት ማንሳትም የጀመረችው። ስቱዲዮ ውስጥ ከመስታወት ወዲያ ያለው ሰው ጣቱን ሲያነሳ ነው አሉ ንግግር የሚጀመረው። እሷም ለምዶባት ቤቷ ውስጥ፣ ሱቅ ስትሄድ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር፣ ልትናገር ስትል ጣቷን ታነሳለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ጣቷን ስታነሳ ሰዉ ሁሉ ጸሎት ልታደርስ መስሎት ብድግ አለ። እሷ የፈለገችው ውኃ ነበር።

ሥራዋ ይህ ነበር፤ ሰው ደብዳቤ ይልካል፣ «ይህ ዘፈን ለእገሊት ይጋበዝልኝ» ይላል፣ እሷ ታነባለች፣ ሸክላውን ታስቀምጣለች። አንድ ቅዳሜ ሁለት ጎረምሶች አንድ ዘፈን ለአንዲት ልጅ ጋብዘው ኖሯል። ልብ ሳትል የሁለቱንም ደብዳቤ አከታትላ አነበበች፤ «ይህም ያው ዘፈን ነው፣ ይህችም ያቺው ልጅ ናት፣ እድለኛ ናት» ብላ አለፈች። ሰኞ የልጅቷ ወንድም ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። «ለመሆኑ የትኛውን ታግባ?» አላት። «እኔ ሬዲዮ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» ብላ ሸኘችው። ወሬው ግን ተሰማ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ዘፈን ብቻ መጠየቅ ተወ፤ ምክር ይጠይቅ ጀመር። ላግባት ወይ፣ ልተዋት ወይ፣ ትታኝ ሄዳ ልለምናት ወይ።

ማርታ ፍቅርን የት ታውቃለች? እናቷ በልጅነቷ ሞተውባት ከአባቷ ጋር ብቻ ነው ያደገችው። አባቷ ደግሞ አናጢ ናቸው። የምታውቀው እንጨት ነው። እንጨቱን ሰጠቻቸዋ! «አባቴ እንደሚሉት» ትልና ስለ ሙጫ፣ ስለ ማጠፊያ፣ ስለ መጋዝ አንድ ነገር ትናገራለች። አገሩ በአናጢ ቃል ይጋባ ጀመር።

አባቷ ጋሽ ያቆብ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከወለጋ መጥተው ጉለሌ የቀሩ፣ የወንጌል አማኝ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን አግዳሚ ወንበር ሁሉ በእጃቸው የሠሩ ሰው። የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ የተናገሩትን ግን አይለውጡም። ዘፈን እንደ ሐሜት ነው ይላሉ፤ ከጆሮ ገብቶ ከልብ አይወጣም። ሬዲዮ ቤታቸው አልገባም። ልጃቸው ሬዲዮ ጣቢያ ታይፕ እንደምትመታ ያውቃሉ፤ «ዜና ትጽፋለች» ይላሉ። እሷም ከሰኞ እስከ ዓርብ ታይፕ መምታቷን አልተወችም፤ ቅዳሜ የምትሠራውን ነው ያልነገረቻቸው። ሮማን የተባለችውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ማርታን ይሰማል። ጋሽ ያቆብ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ነው ጣውላቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት። ማንም ተሰብስቦ አልተማከረም። ብቻ እሳቸው ብቅ ሲሉ የመጀመሪያው ቤት ሬዲዮውን ይቀንሳል። ይሄኔ ሁለተኛው ቤት ይገባዋል፣ ይቀንሳል፤ ሦስተኛውም። እሳቸው ሲያልፉ ከኋላቸው መልሶ ይከፈታል። ከላይ ሆኖ ለሰማ፣ ዘፈኑ መንገድ ሲለቅላቸው እንደ ጥላ አብሯቸው የሚሄድ ዝምታ ነበር። እኔም ራሴ ቡሃቃ ላይ ጎንበስ ብዬ በክርኔ ዘግቼው አውቃለሁ።

ጋሽ ያቆብ ዝምታውን አስተዋሉት። ያስተዋሉትን ግን በሌላ ተረጎሙት።

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት የሚባል አላቸው፤ እግዚአብሔር ያደረገልህን ተነስተህ ለጉባኤው ትናገራለህ። ጋሽ ያቆብ በዕድሜያቸው ለምስክርነት ተነስተው አያውቁም፤ አንድ እሑድ ተነሱ። «ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ሳልፍ ዘፈኑ በፊቴ ይጠፋል» አሉ። «ተቆጥቼ አላውቅም። አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። እኔ ማነኝ? ጌታ ሰፈራችንን እየጎበኘ ነው።» ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» ብሎ አጨበጨበ። በየቤቱ ለሚጸልዩት እንዲናገሩ፣ ሌላ አጥቢያ ሄደውም እንዲመሰክሩ ተጋበዙ። ለምስክርነቱ ኮት አሰፉ።

ማርታ በአጥሩ ቀዳዳ ስትነግረኝ ስቃ ስቃ ቆርቆሮውን ይዛ ተንበረከከች። ቀና ስትል እያለቀሰች ነው።

«እትዬ ዘውዴ፣ አለቀልኝ። ቀድሞ ቢያውቁ ልጄ ዘፈን አጫዋች ናት ብለው ያዝኑ ነበር። አሁን ግን ካወቁ ምስክርነታቸውም አብሮ ይፈርሳል። አባቴን ሰው ፊት አዋርጄ... ዳግመኛ ልጄ ብለው አይጠሩኝም።»

«ታዲያ ተዪዋ ቅዳሜን።»

ጣቷን አነሳች፤ የምትለው ግን አልመጣላትም። ሁለቱንም ትወዳለች፤ ምን ታድርግ?

ሊደበቅ የማይችል ነገር መቼም አይደበቅም። አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ጴጥሮስ ተአምሩን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ጋሽ ያቆብ ኮቱን ለብሰው፣ ጣውላ ሳይዙ፣ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። እኔ ከሀጂ ኑሩ ሱቅ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ቤቱ ሁሉ እንደ ወትሮው ተራ በተራ ይቀንሳል። «አየህ፣ ወንድም ጴጥሮስ?» ይላሉ። «አየሁ፣ ወንድም ያቆብ» ይላሉ አቶ ጴጥሮስ፤ ፊታቸው ግን የተጨነቀ ሰው ፊት ነው።

ሀጂ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባለ ሱቅ፣ ተጫዋች። በዚያች ሰዓት መሰላል ላይ ወጥተው የስኳር ከረጢት በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ሬዲዮኑ ታች ባንኮኒው ላይ ነው። ከላይ ሆነው ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ። ከረጢቱን ቢለቁ ስኳሩ ይፈሳል፤ ቢይዙት ማርታ ትፈሳለች። በእግራቸው ሬዲዮኑን ሲፈልጉ ሁለቱ ደረሱ።

«...የሸጎሌው ወጣት፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል» ትላለች ማርታ በጠራ ድምፅ። «ልጅቷን ካወቅካት ገና መንፈቅህ ነው፤ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለሃል። አባቴ እንደሚሉት፣ ያልደረቀ ጣውላ ሚስማር አይዝም። ትንሽ ይድረቅ፣ ወንድሜ። እስከዚያው ይህን ዘፈን ጋብዤሃለሁ።»

«ወይ ይህቺ ሮማን! ባለፈው ደግሞ ለዚያ ለባለ...» አሉ አቶ ጴጥሮስ እየሳቁ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ጋሽ ያቆብ ቆመው ቀሩ።

«ይህ የማን ቃል ነው?» አሉ።

«የመጽሐፋችሁ አይደለም እንዴ?» አሉ ሀጂ ኑሩ ከመሰላሉ ላይ።

«መጽሐፈ ምሳሌ ላይ... ሳይኖር አይቀርም» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

«ምሳሌ ላይ ጣውላ የለም» አሉ ጋሽ ያቆብ። ኮታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ላይ አጠፉት። ዳገቱን ብቻቸውን ወጡት። ሲመለሱ አንድም ቤት ሬዲዮውን አልቀነሰላቸውም፤ የነበረ ነገር አበቃ ብሎ ሁሉም ደንግጦ እንዳለ ተወው። በዘፈን መሃል ወደ ቤታቸው ገቡ።

አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። ዝም አሉ። ማርታን ዝም አሏት፤ ያቺን፣ ዝምታ እንደ እባብ የሚያስፈራትን ልጅ። የሚሉት ካላቸው በእኔ በኩል ነው። ለራት ጠርታኝ እገባለሁ፣ ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ነን።

«ዘውዴ፣ ለዚህች ልጅ ንገሪያት፣ ወጡ ጨው አንሶታል።»

«ማርታ፣ ጨው አንሶታል ይላሉ።»

«እትዬ ዘውዴ፣ ጨው ከጎናቸው እንዳለ ለአባዬ ንገሪልኝ።»

«ጋሽ ያቆብ፣ ከጎንዎ ነው።»

«አይቼዋለሁ በያት።»

አንድ ጠዋት በቀዳዳው ጆሮዬን ስሰጥ፣ «አባዬ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። «ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺስ?» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመልሳል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አሻግሬ ባይ ሰውየው ቆመው መጋዝ ይስላሉ፤ አፋቸው አልተከፈተም። እሷ ናት በሁለት ድምፅ የምታወራው።

ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ አቶ ጴጥሮስና ሀጂ ኑሩ ናቸው፤ የጋሽ ያቆብን ልብ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? እኔ ውኃ አቀርባለሁ፣ ማርታ ጓዳ ሆና በመጋረጃው ታያለች።

«ወንድም ያቆብ» አሉ አቶ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ ዘፈን አልሰማም። ታውቀኛለህ። ግን ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ ቀን እንደሰማሁት፣ ልጅህ የምትናገረው ክፉ ነገር አይደለም። ለዚያ ባለ ወፍጮ የሰጠችው ምክር፣ ከዚያም ለመበለቲቱ፣ ደግሞ ያቺ ሁለት ጊዜ የጻፈችው...»

«ያን ሁሉ በአንድ ታክሲ?» አሉ ጋሽ ያቆብ። «ወዴት ነበር የምትሄደው፣ ጅማ?»

ሀጂ ኑሩ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ያቆብ፣ እኔ በሱቄ ነው የምሰማው፣ አልዋሽህም። ቃልህን ለአገር ሰጠችው እንጂ ምን አጠፋች? ስንቱን ትዳር አቆመህ መሰለህ! የእኔኑ ታናሽ ወንድም...»

«ሀጂ፣ የዘፈኑን ነገር በኋላ እንነጋገርበታለን» አሉ ጋሽ ያቆብ። «እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። እግዚአብሔር ያላደረገውን አደረገ ብዬ መስክሬያለሁ። በቤቱ ቆሜ። እናንተ እያወቃችሁ አጨበጨባችሁልኝ። አንተ ጴጥሮስ፣ ‹ሃሌ ሉያ› ስትል ከሁሉ ድምፅህ ይበልጥ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይጨርሱ ውኃቸውን ጠጥተው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ማርታ እጄን ይዛ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ እነሱ ዘንድ ገብቼ አላውቅም፤ በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ ያቆብ ተነሱ። ያለ ኮት።

«የቅዳሜውን መስክሬላችሁ ነበር» አሉ። «ስህተት ነው። ዘፈኑን የሚያጠፋው ጌታ አልነበረም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። ልጄ ዘፈን አጫዋች መሆኗን እንዳላውቅባት ነው። ይኸው ነው።» ተቀመጡ።

ጉባኤው ምን እንደሚል ጠፋው። ለዚህ ምን ይባላል? ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ጆሯቸው የደከመ አሮጊት፣ ምስክርነት ሲያልቅ እንደለመዱት፣ እጃቸውን ዘርግተው «ሃሌ ሉያ! ክብር ለጌታ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ፈነዳ። ፓስተሩ ሳይቀሩ መጽሐፋቸው ውስጥ ተደብቀው ሳቁ። ያልሳቁት ጋሽ ያቆብና ማርታ ብቻ ናቸው።

ስንመለስ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ፣ «የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። «ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። አባቴን ይህን ያህል ካስከፈልኩ ይበቃኛል።»

«ለሳቸው ልንገርልሽ?»

«አትንገሪ። ተውኩት ብዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ምናልባት...» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ደረሰ። ክረምት ነው፣ ዶፍ ነው። እኔ ደግሞ አንጀቴ አልችል አለ። ሰውየው ልጃቸው የምታደርገውን አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብለው ሳይሰሙ ሊቀሩ ነው? አጥሩን አንኳኩቼ፣ «ጋሽ ያቆብ፣ የበርጩማዬ እግር ወልቋል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ወልቋል፤ ማን እንዳወለቀው አትጠይቁኝ። መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ሬዲዮው ተከፍቷል። ልዘጋው እንደፈለግሁ ሆኜ እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪው» አሉኝ። «ቤቱ ያንቺ ነው።»

ዘፈኑ ሲጀምር መዶሻቸውን አነሱና መምታት ጀመሩ፤ ቤቱ እስኪናወጥ። ዘፈኑ አልቆ ማርታ ስትናገር መዶሻው ያቆማል፤ ሚስማሩን በጣታቸው ይዘው አንገታቸውን ይሰብራሉ። ዘፈን፣ ዷ ዷ ዷ። ማርታ፣ ጸጥ። በርጩማዬ በዚያ ቀን የጠጣው ሚስማር ለአንድ ቤት ጣሪያ ይበቃ ነበር። ኋላ ለመሸከም እንኳ ከበደኝ። እኔ ወደ ጓዳ ዞሬ በነጠላዬ አፌን ይዣለሁ።

ማርታ አንድ ደብዳቤ አነበበች። ሚስቱ ተቆጥታ ወደ ወላጆቿ የሄደችበት ሰው ነው፤ ሄጄ በግድ ላምጣት ወይ ይላል።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አባቴ እንደሚሉት፣ በዝናብ ያበጠ በር በእርግጫ አይከፈትም። ታገሥ...»

«አላልኩም!»

ዘወር ስል ጋሽ ያቆብ ቆመዋል።

«ጋሽ ያቆብ፣ ምን ሆኑ?»

«እንዲህ አላልኩም! ይህ ሐሰት ነው! አሁን ይህ ሰው ይህን ይዞ...» መዶሻውን እንደያዙ በዝናቡ ወጡ። ጫማቸውን በትክክል አላሰሩም። እኔም ነጠላዬን እያጣፋሁ ተከተልኩ። ታክሲው ማርታን የሚያወርዳት የት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሀጂ ኑሩ አባት በመዶሻ ወደዚያ ሲገሰግስ አዩና፣ «ያ ረቢ! ያቆብ፣ ሰይጣንን እርገም!» እያሉ ሱቃቸውን ሳይዘጉ ወጡ። በየበሩ ያየ ሁሉ ተከተለ። ዝናቡ እየወረደብን አንድ ሰፈር ሰው መንገድ ዳር ተኮልኩለን ታክሲ ጠበቅን። ሀጂ መዶሻውን ለመቀበል ሁለት ሦስት ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ያቆብ አላዩዋቸውም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሰማያዊ ሰይቼንቶ ታክሲ መጣች። ማርታ ወረደች። የተሰበሰበውን ሰው አየች፣ አባቷን አየች፣ መዶሻውን አየች። በሩን እንደያዘች ቆመች።

ጋሽ ያቆብ ፊቷ ድረስ ሄዱ።

«አላልኩም» አሏት። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። «ያበጠ በር በእርግጫ ይከፈታል። የማይከፈት በር የለም። ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተመልሶ አይገጥምም። እንደሱ ነው ያልኩት። አንቺ ግማሹን ነው የተናገርሽው።»

ማርታ ውኃ ከፀጉሯ እየወረደ ታያቸዋለች። «አባዬ... ሰምተውኝ ነበር?»

«ያ ሰውዬ አይከፈትም ብለሽው እቤቱ ቁጭ ሊል ነው። በእርግጫ እንዳይሄድ እንጂ እንዳይሄድ አልተባለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርሚው።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ የለም፣ አባዬ። ሰኞ ልተወው ነው።»

«ሳታርሚ?»

ሁላችንም ጠጋ ጠጋ አልን። የታክሲው ሾፌር እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ይሰማል።

«የተሳሳተ ነገር በኔ ስም ለአገር ተናግረሽ፣ ሳታርሚ ልትሄጂ ነው?» አሉ ጋሽ ያቆብ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ፊት የቆምኩት ለጨዋታ ነው? ታርሚያለሽ። ደግሞ ለዚያ ለሸጎሌው ልጅ የጣውላውንም ነገር በደንብ አላስረዳሽውም፤ ምን ዓይነት ጣውላ እንደሆነ አልነገርሽውም። እሱም ይታረማል። ሌላም ያበላሸሽው ሳይኖር አይቀርም። ዘፈኑን አልሰማም፤ ዘፈን ዘፈን ነው። አንቺ የምትዪውን ግን ከመናገርሽ በፊት እኔን ትጠይቂኛለሽ።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ስሜን እንዳትጠሪ። ‹አንድ አናጢ› ብለሽ እለፊ።»

«እሺ።»

መዶሻውን ለሀጂ ኑሩ አስያዟቸውና ዳገቱን ጀመሩ። እኛም ዝናቡን አሁን ገና እንዳየነው ሁሉ ለመበተን ዞር ዞር ስንል፣ ጋሽ ያቆብ ከላይ ቆመው ተጣሩ።

«ማርታ!»

«አቤት!»

«‹አንድ ጥሩ አናጢ› በይ።»